ሞተሩ አዲስ፣ ገመዱ አሮጌ

ደብረ ታቦር ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ሞተር ሲያስቀይር መከራው ያለቀ ይመስለዋል። ጭሱ ጠፍቷል፣ ድምፁ ጠርቷል። በማግስቱ ግን አንደኛ ማርሽ ሲያስገባ ባጃጇ ወደ ፊት ትዘላለች፤ ሁለተኛው ጥርስ እያፋጨ ይገባል፤ ዜሮውን ፈልጎ ያጣዋል። ያን ጊዜ «የሸጡልኝ ሞተር ካምቢዮው የተበላ ነው» ይላል። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ የሚከሰሰው ያለ ጥፋቱ ነው።

የባጃጅ ሞተር እንደ መኪና ሞተር ለብቻው ተነጥሎ የሚወርድ አይደለም። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከሞተሩ ጋር ተያይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሞተር የቀየረ ሰው እነዚህንም አብሮ ቀይሯል ማለት ነው። ሳይቀየር የሚቀረው ከመሪው ተነሥቶ በወለሉ ሥር እስከ ኋላ የሚዘልቀው ገመድ ነው፤ አንዱ ለፍሪሲዮን፣ ሁለቱ ለማርሽ። በአሮጌው ሞተር ልክ ለዓመታት ተስቦ የረዘመ፣ ሽፋኑ ውስጥ ዝገትና አቧራ የያዘ ገመድ ከአዲሱ ሞተር ጋር ይታሰራል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ማርሽን በግራ እጅ እያዞሩ መቀየር ከጣሊያን የመጣ ጥበብ ነው። ፒያጂዮ በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቬስፓ ማርሹ በመሪው እጀታ ላይ ነበር፤ ከእርሱም ባለ ሦስት እግሩ አፔ ተወለደ። የሕንዱ ኩባንያ ባጃጅ በ1959 እ.ኤ.አ. ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለመሥራት ከአገሩ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ከፒያጂዮ ጋር ሠራ። የእኛ መካኒኮች «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ማርሽ» የሚሏቸው ቃላትም ከዚያው ከጣሊያን የመጡ ናቸው።

ከሁለቱ የማርሽ ገመዶች አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይስባል። አንዱ ከጠበቀና ሌላው ከላላ እጀታው ላይ ያለው ቁጥር ካምቢዮው ውስጥ ካለው ማርሽ ጋር አይገጥምም፤ ነጂው ሦስተኛ ያስገባ ይመስለዋል እንጂ ማርሹ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ተንጠልጥሏል። ጉልበት ሲበዛበት ተፈናጥሮ ይወጣል። ሁለቱ ተለዋውጠው ከታሰሩ ደግሞ ማርሹ በተቃራኒው ይሠራል፤ ይህ ስሕተት ግን ወዲያው ስለሚታወቅ ብዙ አያስቸግርም።

መካኒክ ዘንድ ከመሄድ በፊት ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ባጃጇን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሳችሁ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። ጠፍቶ ሁሉም የሚገባ ከሆነና ሲነሣ ብቻ ጥርስ የሚያፋጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም፤ ገመዱ ልል ነው። ጠፍቶም አልገባ ካለ የማርሽ ገመዶቹን ተመልከቱ፤ ገመዶቹ ደኅና ሆነው ከተገኙ ያኔ ካምቢዮውን መጠርጠር ይቻላል።

ፍሪሲዮን አልለቅ ከማለቱ ተቃራኒ የሆነው ሕመም መንሸራተቱ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጇ ግን አትሄድም። የፍሪሲዮኑ ገመድ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ከሆነ ሸራዎቹ ሁልጊዜ በከፊል ተለያይተው ይሽከረከራሉ፣ ይቃጠላሉም። እጀታው ሲጨበጥ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ መሄድ አለበት። ዘይቱም እንዲሁ ይጠየቃል። የባጃጅ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሰበቃ ለመቀነስ የተቀመመ የመኪና ዘይት ከተጨመረበት ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀውን፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን ዘይት መግዛት ይህን ያስቀራል።

የደቡብ ጎንደር ደጋ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በባሕር ጠለል ካለው ኃይል ሩብ ያህሉን ያጣል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ነጂው ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ሲገባው ፍሪሲዮኑን በከፊል ጨብጦ ነዳጅ ይሰጣል፤ አዲሱ ሸራ በወራት ውስጥ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ይህ አገር ጭነትን ሲፈትን የኖረ አገር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ መቅደላ የደረሰው መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው።

የጉና ተራራ ብርድ ሲወርድ ደግሞ ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ ሸራዎቹን ያጣብቃቸዋል። በመጀመሪያው ማርሽ ባጃጇ ብትዘል የግድ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ እንዲሞቅ ተዉት፤ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ያኔ ገመዱን ማየት ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላው ነገር ሞተሩ የሚያርፍበት ጎማ ነው። ይህ ጎማ ካረጀ፣ ወይም ሞተሩ ሲገባ ቡሎኑ በደንብ ካልጠበቀ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ገመዱን ይስበዋል፣ ማርሹም ራሱ ይወጣል። ሜዳ ላይ ደኅና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ ማርሽ የሚለቅ ባጃጅ ካያችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ እዩ።

ሞተር ለማስቀየር የምትዘጋጁ ነጂዎች፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ፣ ሁለቱን የማርሽ ገመዶችና የሞተሩን ማረፊያ ጎማዎች በዚያው ቀን አብራችሁ አስቀይሩ። ካምቢዮውን ማስከፈት የመጨረሻው ሥራ ይሁን።