ተንቀሳቃሽ ወርክሾፕ

«ሀከር» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው የሌላውን ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ ሌባ ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ዘንድ ሲነገር ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር፤ ይኸውም አንድን መሣሪያ ፈታትቶ አሠራሩን ለማወቅና ከታሰበለት በላይ ለማሠራት የሚጥር ሰው ማለት ነበር። ሀከርስፔስ የሚባለውም እንዲህ ያሉ ሰዎች መሣሪያንና ዕውቀትን በጋራ የሚገለገሉበት የሥራ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በበርሊን የተመሠረተው ሲ-ቤዝ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የሥራ ቤታቸውን በመኪና ላይ የጫኑ አሉ። የአሮጌ አውቶቡስ ወንበር ነቅለው፣ በምትኩ የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ መኝታና ምድጃ አስገብተው ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወራሉ። በሚያድሩበት ሜዳ የመብራት መሥመር ስለማይደርስ ኀይላቸውን ራሳቸው ማመንጨት አለባቸው።

በከተማ የሚኖር ሰው ማብሪያውን ሲጫን ኀይሉ ከየት እንደ መጣ አያስብም። በአውቶቡሱ ውስጥ ግን ሁሉም በሒሳብ ነው። በጣራው ላይ 300 ዋት የሚሰጥ የፀሐይ ፓኔል ተገጥሟል እንበል። በደኅና ቀን ለ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያገኘ ያህል ቢሠራ 1,500 ዋት ሰዓት ያስገባል። ከዚህ አንድ አምስተኛው በሽቦ፣ በባትሪና በኢንቨርተር ይባክናል ብንል 1,200 ይቀራል። 50 ዋት የሚፈጅ ኮምፒውተር ለ8 ሰዓት ሲሠራ 400፣ እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚፈጁ 3 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 150፣ አነስተኛ ማቀዝቀዣ 450 ቢወስዱ የሚተርፈው 200 ብቻ ነው። 2,000 ዋት የሚፈጅ የሻይ ውሃ ማፍያ ይህንን ትርፍ በ6 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሻይ የሚፈላው በጋዝ ወይም በእንጨት ነው።

ባትሪውም የራሱ ጠባይ አለው። 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 2,400 ዋት ሰዓት ይይዛል ቢባልም፣ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። 12 ቮልት ሰውን የሚያስደነግጥ አይደለም ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ መፍቻ ወድቆ ሁለቱን ጫፎች ቢያገናኝ ብረቱ እስኪቀላ ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰሜን አውሮፓ በታኅሣሥና በጥር ቀኑ አጭር፣ ሰማዩም ደመናማ ስለሆነ ፓኔሉ እምብዛም አይረዳም። በዚያን ጊዜ የሚፈለገው ነፋስ ነው። በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ስኮሬግ የሚባል ባሕረ ገብ መሬት አለ፤ የመኪና መንገድ ስለማይደርሰው የሚኬድበት በጀልባ ወይም በእግር ነው። ሂው ፒጎት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚያ ሰፍሮ ከወዳደቀ ብረት የነፋስ መዘውር መሥራት ጀመረ። ክንፎቹ ከእንጨት ተጠርበው የመኪና ጎማ በሚታሰርበት ተሽከርካሪ ብረት ላይ ይገጠማሉ፤ ማግኔቶች በተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አጠገብ ሲያልፉ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኀይሉ 8 እጥፍ ስለሚሆን ማዕበል መዘውሩን ሊሰባብረው ይችላል። ይህ እንዳይደርስ ጅራቱ በማጠፊያ ተያይዟል፤ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ መዘውሩ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል።

ፒጎት ልኩንና አሠራሩን በመጽሐፍ አውጥቶ ለሌሎች አስተማረ፤ በብዙ አገሮችም ሰዎች በዚያ ልክ ሠርተዋል። ክፍት ቴክኖሎጂ የሚባለው ከዚህ ጋር የተቀራረበ ነው፤ የመሣሪያው ንድፍ ለሁሉ ይገለጣል፤ ማንም ሊሠራው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያስተላልፈው ይፈቀድለታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሬያ የተጀመረው አርዱዊኖ የተባለው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እንዲሁ ንድፉ ክፍት ነው። በአውቶቡሱ ውስጥ የባትሪውን ቮልት እንዲለካና ሲወርድ ማቀዝቀዣውን እንዲያጠፋ ሊደረግ ይችላል።

በእኔ አስተያየት ክፍትነት ለእነዚህ ሰዎች ከመርሕ ይልቅ የኑሮ ጉዳይ ነው። ንድፉ አናጢነትን አያስተምርም፤ መጥረቢያ ያልለመደ እጅ የመጀመሪያውን ክንፍ ማበላሸቱ አይቀርም። ነገር ግን በማዕበል ሌሊት ክንፍ ቢሰበር፣ የታሸገ መሣሪያ የገዛው ሰው መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ በጨለማ ይቀመጣል፤ ልኩ በእጁ ያለው ግን ጠዋት ሳንቃ ይፈልጋል።