የደረሰኝ ማተሚያው ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው ምስክርነት

ደንበኞች ተሰልፈው በሚጠባበቁበት ሰዓት ገንዘብ ተቀባዩ ቁልፉን ሲጫን በኮምፒውተሩ ላይ «ሽያጩ ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ከማተሚያው ግን ደረሰኝ አይወጣም። ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳቡን እንደገና የመዘገበ እንደሆነ አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደተሸጠ ሆኖ በመዝገቡ ይሰፍራል፤ ደንበኛውን እንዲሁ የሸኘው እንደሆነ ደግሞ ያለ ደረሰኝ የሸጠ ሆኖ ይገኛል። በኢትዮጵያ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀምን ግዴታ የደነገገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139 በ1999 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ይህ ነገር ለነጋዴው ቀላል ጉዳይ አለመሆኑ የታወቀ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ዋነኛ ምክንያት መላክንና መታተምን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። ኮምፒውተሩ የላከው ጽሑፍ በመጀመሪያ የሚያርፈው በማተሚያው ውስጥ በሚገኘው ጊዜያዊ ማኅደር ነው። ወረቀት ያለቀ ወይም ክዳን የተከፈተ እንደሆነ ጽሑፉ በዚያው ተቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ልኬአለሁ» ቢል እውነት ነው፤ «ታትሟል» ለማለት ግን ከማተሚያው ዘንድ ምስክር ያስፈልገዋል።

ይህም ምስክርነት የሚሰጥበት ቋንቋ አለ። እርሱም የጃፓኑ ኤፕሰን ኩባንያ ያዘጋጀውና ሌሎች ብዙ ፋብሪካዎች የተከተሉት «ኢኤስሲ ፖስ» የተባለው የትእዛዝ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ኮምፒውተሩ 16 እና 4 የተባሉትን ቁጥሮች አከታትሎ ይልክና ከ1 እስከ 4 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይጨምርበታል። 1 ጠቅላላውን ሁኔታ፥ 2 ሥራ የቆመበትን ምክንያት ማለት እንደ ክዳን መከፈት ያለውን፥ 3 የደረሰውን ብልሽት ማለት እንደ መቁረጫው መያዝ ያለውን፥ 4 ደግሞ የወረቀቱን ነገር ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ተራ አይጠብቅም፤ ገና ያልታተመ ጽሑፍ ከፊቱ ቢኖርም ማተሚያው ወዲያውኑ ይመልሳል።

መልሱ አንድ ባይት ብቻ ሲሆን በውስጡ ስምንት ምልክቶችን ይይዛል። ስለ ወረቀት ተጠይቆ 18 ብሎ የመለሰ እንደሆነ ወረቀት በበቂ አለ ማለት ነው፤ 30 ያለ እንደሆነ ጥቅሉ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ 126 ያለ እንደሆነ ግን ጨርሶ አልቋል። ከስምንቱ ምልክቶች አራቱ ምንጊዜም አይለወጡም። የዚህም ጥቅም ማተሚያው «ቀጥል» ለማለት የሚልከው 17 እና «ቆይ» ለማለት የሚልከው 19 ከመልሱ ጋር እንዳይምታቱ ነው።

በየጊዜው ከመጠየቅ ይልቅ፥ ሁኔታው በተለወጠ ቁጥር ማተሚያው ራሱ አራት ባይት እንዲልክ ማዘዝም ይቻላል። ይህ ድካምን ያቀላል፤ ነገር ግን ዝምታን እንደ ደኅንነት መቁጠር አይገባም። ለውጥ ያላየ ማተሚያ ዝም እንደሚል ሁሉ ኤሌክትሪክ የተቋረጠበትም ዝም ይላል። ተመልሶ በበራ ጊዜም ትእዛዙ እንደገና ሊሰጠው ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም አልፎ አልፎ ይጠይቃል፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ ያጣ እንደሆነም ለገንዘብ ተቀባዩ ያስታውቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተማምነው በአንዳንድ ማተሚያዎች የሚገኘው አሠራር ነው። ኮምፒውተሩ በደረሰኙ መጨረሻ ላይ አንድ መለያ ቁጥር ያኖራል፤ ማተሚያውም እስከዚያ ያለውን አትሞ ሲፈጽም ያንኑ ቁጥር ይመልሳል። ሽያጩ «ተፈጽሟል» መባል የሚገባው ይህ ቁጥር ከተመለሰ በኋላ ነው።

ወረቀት ሊያልቅ መቃረቡን የሚናገረው ሴንሰርም ገደብ አለው። እርሱ የሚያየው የጥቅሉን ውፍረት እንጂ የቀረውን ርዝመት አይደለም። በመካከል ያለው ቱቦ ከተለመደው የሰፋ ወይም የጠበበ ወረቀት የገዛ ነጋዴ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢመጣበት ሊደነቅ አይገባውም፤ የሴንሰሩን ቦታ ማስተካከል ይበቃል።

እንግዲህ ማተሚያ የሚያስመጣም ሆነ የሚገዛ ሰው ዋጋውንና ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን መልስ የመስጠት ችሎታውንም ሊመረምር ይገባዋል። መልስ የሚሰጥ ማተሚያ ቢገኝም ፕሮግራሙ መልሱን የማያነብ ከሆነ ጥቅም የለውም። ለታክስ የተመዘገቡት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያዎች የየራሳቸው ቋንቋ ሊኖራቸው ስለሚችል ከአቅራቢው መጠየቅ የተሻለ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በሻጩ ፊት ክዳኑ ይከፈት፤ ቀጥሎ ወረቀቱ ይውጣ፤ በመጨረሻም ኬብሉ ይነቀል። በሦስቱም ጊዜ ኮምፒውተሩ ምክንያቱን ለይቶ ከተናገረ ዕቃው ለገበያ ቀን ይሆናል። በሦስቱም ጊዜ «ሽያጩ ተፈጽሟል» እያለ ከቀጠለ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነጋዴው ግዢውን ሳይፈጽም ሌላ ቢያፈላልግ ይበጀዋል።