ለትምህርት መሣሪያ በፈቃድ ስለ ማገልገል

ትምህርት በኮምፒዩተር የሚሰጥበት፤ ሙድል የተባለው መሣሪያ በ1994 ዓ.ም. ማርቲን ዱጊያማስ በሚባል አውስትራሊያዊ ለሰው ሁሉ በነጻ ተሰጠ። ዛሬም ደመወዝ በማይጠይቁ ፈቃደኞች ድካም ከ100 በሚበልጥ ቋንቋ ይነበባል።

ብዙ ሰው ግን፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ሳላውቅ ምን እረዳለሁ እያለ ወደ ኋላ ይላል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ተማሪ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የማያውቀው ቋንቋ ቢገጥመው ትምህርቱን ሳይጀምር ይሰናከላልና፤ ቃሉን አሳምሮ ወደ አማርኛ የሚመልስ መምህር እጅግ ይፈለጋል።

ጀማሪው መቶ ቃል በአንድ ቀን ለመተርጐም አይቸኩል። አስቀድሞ በመሣሪያው ራሱ ይሥራበት፤ ቀጥሎም ሦስት ወይም አራት ቃል ተርጕሞ ያቅርብ። የቋንቋው ኃላፊ መርምሮ ይቀበለዋል ወይም ይመልስበታል። መታረም ለማንም ቢሆን መራራ ነው፤ ቢሆንም ሳይቀየም አርሞ እንደገና ይላክ።