ጥንታዊ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትን ስለ መሰብሰብ

ጥንታዊ መዝገበ ቃላትን መሰብሰብ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሊታይ አይገባም። እያንዳንዱ እትም ለማን እንደ ተዘጋጀና በማን እጅ እንደ ገባ የሚያስረዳ የትምህርት ታሪክ ማስረጃ ነው።

የእንግሊዝኛን ቃላት በእንግሊዝኛ የፈታው የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1604 የታተመው የሮበርት ኮድሪ ሥራ ነው። መምህር የነበረው ኮድሪ 2,500 ያህል አስቸጋሪ ቃላትን በአጭሩ ፈትቷል። መጽሐፉ እስከ 1617 አራት ጊዜ ቢታተምም፣ ከመጀመሪያው እትም የሚታወቀው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1755 በሁለት ታላላቅ ጥራዞች ሲወጣ ዋጋው 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ስለ ነበር፣ ከብዙው አንባቢ አቅም በላይ ነበር። በ1756 ግን ጥቅሶቹ ወጥተውለት በ10 ሺሊንግ የሚሸጥ አነስተኛ እትም ታተመ። ይበልጥ የተሠራጨውም ይኸው ነው።

ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚሹት የ1755ቱን እትም ነው። ሆኖም ብዙ ያገለገለ መጽሐፍ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ለትምህርት ተመራማሪ በተማሪ እጅ ያረጀው፣ በኅዳጉ የተጻፈበት አነስተኛው እትም የላቀ ዋጋ አለው።

እንግዲህ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መዝገበ ቃላትን ከማስወገዳቸው በፊት የእያንዳንዱን እትም ተራ፣ ዓመትና ዋጋ ሊመዘግቡ፣ ቢያንስም አንድ ቅጂ ሊያስቀሩ ይገባል። በአዲሱ እትም የታረመ ፍች ቀድሞ ምን እንደ ነበር የሚመሰክረው አሮጌው ነውና።