«ጭስ ካየህ ሞተር አውርድ»፤ የሞተር እድሳት ተረትና እውነታ

ከላንቻ እስከ ጎተራ፣ ከበቅሎ ቤት እስከ መስቀል ፍላወር ባሉት የቂርቆስ ጋራዦች በር ላይ መኪናውን አቁሞ «ዘይት እየበላብኝ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ሞተሩ መውረድ አለበት»። መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው አንድም ነገር ሳይለካ መሰጠቱ ነው። ሞተር ወርዶ ከተፈታ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ተቀዷል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወጥቷል፣ ባለመኪናውም ከፍሎ ከመጨረስ በቀር ምርጫ አይኖረውም።

ጉዳዩ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስጨንቅ ሆኗል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም ያጣ ቤተሰብ ያለውን አድሶ ከመንዳት ሌላ መንገድ የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪውም ነጋዴውም በየአቅጣጫው ተበተነ። የመኪናውን ጠባይ የሚያውቅለት መካኒክ ከደጁ ርቆት የማያውቅ ባለመኪናም ዛሬ ሞተሩን ለማያውቀው እጅ ይሰጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰፈር ወሬ ኪስ ያራቁታል።

በጣም የተስፋፋው እምነት «ሰማያዊ ጭስ ማለት ፋሻ ማለት ነው» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ዘይቱ በየት በኩል እንደገባ ግን አይናገርም። በፋሻው አልፎ ከታች ሊመጣ ይችላል፤ በደረቀ የቫልቭ ጎሚኒ ከላይ ሊንጠባጠብም ይችላል፤ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ግፊቱ ዘይቱን እየገፋው ሊሆንም ይችላል። በቤንዚን ሞተር ላይ ሁለቱን ዋና ዋና መንገዶች ለመለየት ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው ቁልቁለት ይበቃል። ማርሹ እንደገባ እግር ከነዳጅ መስጫው ይነሳል፤ ታች ሲደረስ እንደገና ነዳጅ ይሰጠዋል። በዚያች ቅጽበት ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ከወጣና ወዲያው ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ጎሚኒው ያዘነብላል፤ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ የፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይቱን በቫልቩ ግንድ በኩል ወደ ውስጥ አስገብቶታልና። አድሮ ጠዋት ሲነሳ አንዴ አጭሶ የሚተውም እንዲሁ ነው። ፋሻው ያለቀበት ሞተር ግን ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ሳያቋርጥ ያጨሳል፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈትም ትንፋሹ መዳፍ ላይ ይሰማል።

ጎሚኒ ለመቀየር ሞተር አይወርድም። በብዙ ሞተሮች ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) እንኳ ሳይነሳ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ገብቶ ቫልቩ እንዳይወድቅ ከያዘው በኋላ ሥራው እዚያው መኪናው ላይ ያልቃል። በዚህና በሙሉ እድሳት መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት የአንድ ባለ ታክሲን የወራት ገቢ ሊያህል ይችላል።

እርግጡን የሚናገረው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሞቃል፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ነዳጁና እሳቱ ይቋረጣሉ፤ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ እየዞረ እያንዳንዱ ሲሊንደር በየተራ ይለካል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የተገኘው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ጠብ ይደረግና እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ጉልህ በሆነ መጠን ከፍ ካለ፣ የገባው ዘይት የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖታል ማለት ነው፤ ጉዳቱ ከታች ነው። ካልተነቃነቀ ግን ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል፤ ፒስተኑን ማውጣት አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው። ሳይሠራ «ይውረድ» የሚል መካኒክ ደንበኛውን በግምት እያስከፈለ ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፍ አገላብጠው የሚሠሩ ጎበዝ መካኒኮችን ሳይቀር የሚያሳስት ነገር አለ። የአዲስ አበባ መሃል ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 76 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሲሊንደሩ የሚያምቀውም አየር በዚያው ልክ ያነሰ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ባር ያለለት የቤንዚን ሞተር ካዛንቺስ ላይ ሲለካ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ 9 ባር ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ብቻ ያስተያየ ሰው «አልቋል» ብሎ ይፈርዳል፤ የተፈረደበት ሞተር ግን ገና ብዙ ዓመት የሚሠራ ነው። በከፍታ ቦታ ዋናው ንጽጽር የሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ነው። አራቱም 9 ካሉ እሰየው። ሦስቱ 9 ብለው አንዱ 6 ካለ፣ ነገሩ ያለው እዚያ አንዱ ላይ ነው።

«መኪናው ጉልበት አጣ» የሚለው ቅሬታም ከዚሁ ይመነጫል። ተርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ አየር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዳማ ሲወርድ የሚበረታና ተመልሶ ሲመጣ የሚደክም መኪና ስላረጀ አይደለም። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ የኮሮላ ዲኤክሶች ላይ አየሩ ሲሳሳ የነዳጁ መጠን ስለሚበዛ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ይታያል፤ መድኃኒቱ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል ነው።

ሁለተኛው ትልቅ እምነት በማቀዝቀዣው ላይ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ሞተር የሚገድለውም እሱ ይመስላል። «ተርሞስታት ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ነው፤ አውጥተህ ጣለው። ራዲያተር ውስጥ ደግሞ ውሃ ይበቃል» ይባላል። በመጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ራሷ ቀዝቃዛ አገር ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ተርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። እስኪሞቅ ድረስ ትርፍ ነዳጅ ይጠጣል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ፋሻና ሲሊንደር በፍጥነት የሚበላውም በዚህ ጊዜ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ተርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጫፉ የውስጥ ማለፊያውን ይዘጋል። ሲወጣ ግን ማለፊያው ክፍት እንደሆነ ስለሚቀር ከፊሉ የሞቀ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሞተሩን ያቀዘቅዛል ተብሎ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ያፈላዋል።

የራዲያተር ክዳኑ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ማራገቢያ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሙቀቱ 90 አልፎ፣ በአንዳንዱ መኪና 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ ከደከመ ወይም ጎማው ከተሰነጠቀ ውሃው ማራገቢያው ገና ሳይነሳ ሊንተከተክ ይችላል ማለት ነው። ጤነኛ ክዳን በውስጥ 0.9 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ሲይዝ የመፍላቱን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ከፍ ይላል። ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ክዳን ደክሞ ሳለ ቴስታታ የወረደበት፣ የተላጠበት፣ ጓርኒሲዮን የተቀየረበት መኪና ጥቂት አይደለም። ክዳኑ ስላልተቀየረም ያው መኪና ተመልሶ ይፈላል። ተራ የቧንቧ ውሃ ደግሞ በጊዜ ብዛት ዝቃጭ ይጥላል፤ አሉሚኒየም የሆነውን ቴስታታም ይበላዋል።

ወፍራም ዘይትን በተመለከተ አጭር ነው። ያለቀ ሞተር ላይ ከ30 ወደ 40 ከፍ ማድረግ ፍጆታውን ሊቀንስ ይችላል፤ ጥፋት የለበትም። ለ5ደብሊው30 የተሠራ ቪትዝ ላይ 20ደብሊው50 መጨመር ግን ጠዋት በብርድ ዘይቱ ብሮንዚናው (የሚዞረው ዘንግ የሚቀመጥበት ስስ ብረት) ጋ ቶሎ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያ ያላቸው ሞተሮችም የሚሠሩት በቀጭን የዘይት መስመር ስለሆነ ወፍራም ዘይት ያውካቸዋል። በጣሳ የሚሸጠው ጭስ ማጥፊያም እንዲሁ ዘይቱን ከማወፈር ያለፈ ብዙ አያደርግም፤ መኪና ሊሸጥ የፈለገ ሰው ስለሚወደው ገዢው ቢጠነቀቅ ይበጀዋል።

ልኬቱ ችግሩ ከታች መሆኑን ካረጋገጠ፣ ሞተሩ በእርግጥ ይውረድ። «ፋሻ ብቻ እንቀይር፣ ርካሽ ነው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሲሊንደር ሲያልቅ እኩል አያልቅም፤ ላይኛው ፋሻ የሚደርስበት ጫፍ ይሰፋል፣ ክቡም ይጣመማል። ክብነቱን ባጣ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ማስገባት ለጥቂት ወራት እፎይታ መክፈል ነው። ከአንድ ማሽን ሾፕ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነገር የልኬት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ የተጻፈበት። ልዩነቱ አምራቹ ከፈቀደው ወሰን ካላለፈ ግድግዳውን በድንጋይ አሻክሮ መደበኛ ፋሻ መግጠም ይበቃል። ካለፈ ሲሊንደሩ ይሰፋና 0.50 ወይም 1.00 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገባል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተል አለ፤ ፒስተኑ መጀመሪያ ይገዛል፣ ሲሊንደሩ በእሱ ልክ ይሰፋል። ቀድሞ ያሰፋና ኋላ ፒስተን ፍለጋ ሱማሌ ተራ የሚወጣ ሰው በዕድል የሚሠራ ነው።

ፋሻው ራሱም ከካርቶኑ ወጥቶ ዝም ብሎ አይገባም። ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በፒስተን አናት ቀጥ ተደርጎ ሲገፋ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በስስ መለኪያ ይለካል። ለ100 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የተለመደ ነው፤ የሃይሩፍ ሚኒባሶቹ 5ኤል ሞተር ሲሊንደሩ 99.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስሌቱ እሱ ላይ ይሠራል ማለት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጠሙና ፋሻው ይሰበራል፤ ሲሊንደሩንም ይቧጭራል። ይህችን ልኬት ለማየት ባለመኪናው አጠገብ ቢቆም ነውር የለበትም።

በጀት ከጠበበ የሚቆጠብበት ቦታ አለ። ቀለም፣ ማስዋቢያ፣ ገና የሚሠራ ዲናሞ ይቆዩ። ብሮንዚና፣ የዘይት ፓምፕ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ተርሞስታት፣ ጓርኒሲዮንና የማሽን ሥራው ግን አይቆዩም።

«ከማደስ ይልቅ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም» የሚለው ምክር ሞተሩ ተሰንጥቆ ወይም ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ከመጠን በላይ ተበልቶ ከሆነ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚገዛው ሞተር ታሪኩ አይታወቅም። የዘይት ክዳኑ ሥር ጥቁር ዝቃጭ ወይም ወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ ኮምፕሬሽኑን ለመለካት ሻጩ ካልፈቀደ፣ ባይገዛ ይሻላል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚሰፍር በመሆኑም የግዢ ሰነዱ ተሟልቶ ለውጡ ካልተመዘገበ ምርመራ ላይ ወይም ሽያጭ ላይ ባለቤቱን ያንከራትታል።

የመጨረሻው እምነት የሚጎዳው እድሳቱ በደንብ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። «አዲስ የታደሰ ሞተር ቆሞ ሰዓታት ይሥራ፤ ከዚያም ወር ሙሉ በዝግታ ይነዳ» ይባላል። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው ከኋላው የሚገፋው የጋዝ ግፊት ሲኖር ነው። ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ግን ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ፋሻው ሳይላመድ ይቀራል፤ ዘይት መብላቱም ይቀጥላል። ሞተሩ ተነስቶ የዘይት ግፊቱና ፍሳሹ ከታየ በኋላ ወደ መንገድ መውጣት አለበት፤ መካከለኛ ጭነት፣ ከፍና ዝቅ የሚል ፍጥነት፣ አልፎ አልፎም ዳገት። እስከ መጨረሻው መርገጥና ከባድ ጭነት ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይቆያል። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራሉ። አሮጌው ፊልትሮ ተቀድዶ ወረቀቱ በብርሃን ይታይ፤ ደቃቅ ብናኝ የሚጠበቅ ነው፤ በጣት የሚያዝ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ከተገኘ ግን ብሮንዚናው እየተበላ ሊሆን ስለሚችል መኪናው ይቁም፤ ባለቤቱም የልኬት ወረቀቱን ይዞ ሥራው ወደተሠራበት ማሽን ሾፕ ይመለስ።