ለወፍ ፎቶ የትኛው ብሪጅ ካሜራ?
ሻንቶ አካባቢ ወፍ ማንሳት የጀመራችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ ስለ ዙም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሴንሰሩን እዩ እላለሁ።

ኒኮን ፒ950 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ይስባል፤ ሴንሰሩ ግን ትንሽ ነው። በማለዳ እንሰት ጥላ ሥር ያለችን ወፍ ስታነሱ አይኤስኦው ይወጣና ላባዋ ይድበሰበሳል። ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ከ600 ባያልፍም፣ ባለ 1 ኢንች ሴንሰሩ ላባውን አንድ በአንድ ለይቶ ያሳያል፤ የምትበርንም ወፍ ቶሎ ፎከስ ያደርጋል። ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

ከወፍ ውጪ ግን፣ ማዜ ፓርክ ሜዳ ላይ ቆርኬ ከሩቅ ለማንሳት ፒ950ን እመርጣለሁ፤ ያውም ከረፋዱ በፊት። መሬቱ ከጋለ በኋላ ሙቀቱ ምስሉን ያርገበግበዋል፣ የትኛውም ዙም አያድነውም።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ዙሙን እስከ መጨረሻው ዘርጉት፤ ከተንገጫገጨ ተዉት።