ያውቁ ኖሯል? የስኳር ግማሹ ጋዝ ይሆናል

እርሾ በስኳር ውኃ ውስጥ ሲብላላ፣ ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለወጥ ያውቁ ኖሯል? የተረፈው በአብዛኛው አልኮል ሆኖ እዚያው ይቀራል። 100 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢብላላ የሚወጣው ጋዝ ከ25 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል።

የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው፣ ጠጅንም በጋን ውስጥ የሚያፈላው ይኸው ጋዝ ነው። ተክሎች ምግባቸውን የሚሠሩት ከእሱና ከውኃ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ግን ከ10,000 እጅ 4 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ተክል የሚያሳድጉ አንዳንድ ሰዎች ለብ ያለ ውኃ፣ ስኳርና ቁንጥር እርሾ የያዘ ጠርሙስ ከተክሉ ጎን ያኖራሉ። ብዙም ሳይቆይ ነጭ አረፋ ወደ ጠርሙሱ አንገት ይወጣል። ክዳኑ ግጥም ተደርጎ ከተዘጋ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ስለሚችል ጋዙ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ዘዴው ይበልጥ የሚሠምረው በዓሣ ገንዳ ውስጥ ለሚበቅሉ ተክሎች ነው፤ ጋዙ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ውኃው ይገባልና። ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ ቶሎ ይበተናል፤ ብርሃን በሌለበትም ተክሉ አይጠቀምበትም።

እርስዎም በሚተነፍሱት አየር በቀን 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ።